የውዳቂት ልጆች

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጄ አሚር ሳሎን ምንጣፍ ላይ በሆዱ ተኝቶ የካርቱን ፊልም ያይ ነበር። እኔ ሶፋው ላይ ተቀምጬ የታጠበ ልብስ አጥፋለሁ። ቀና ስል ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ እንግዳ ዓለም ይታያል። ሰማዩ ቡናማ ነው፤ መሬቱ በሙሉ የተሰባበረ ብረት ነው፤ ቡቱቶ የለበሱ ሰዎች ፍርስራሹን እየቆፈሩ የሚበላና የሚሸጥ ይፈልጋሉ።

«እማማ፣» አለኝ አሚር ዓይኑን ሳይነቅል፣ «እንደዚህ ያለ ፕላኔት እውነት አለ?»

«ነበረች፤» አልኩት። «ስሟ ውዳቂት ይባላል።»

ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። ያንን ስም ከአፌ ካወጣሁት ስንት ዘመኑ። አሚር ዞር ብሎ «ማን ይኖርባታል?» ሲል ጠየቀኝ፤ መልስ ሳልሰጠው ግን ፊልሙ ውስጥ አንድ ነገር ፈነዳና ረሳኝ። እኔ የያዝኩትን ሸሚዝ ጭኔ ላይ እንዳደረግሁ ቀረሁ። እሱ ካልሰማኝ ለሚሰማኝ ልንገር ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ያኔ ጂማ፣ አወቱ ወንዝ አጠገብ፣ አወቱ መንደራ ሰፈር ነበር የምንኖረው። ክረምት ሲሆን የወንዙ ድምፅ እስከ ቤታችን ይሰማል። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። አስም ጸንቶበት ሱቁን ዘጋና የስፌት መኪናውን ቤት አመጣ፤ ትንፋሹ የተሻለው ቀን ይሰፋል፣ ያልተሻለው ቀን ደጅ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ያያል። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ማትሪክ አልመጣልኝም። ጊዜው ደግሞ የብሔራዊ ውትድርና ነው። አብረውኝ የተማሩት ወንዶች ከመንገድ ጠፍተዋል፤ የተወሰደው ተወስዷል፣ ያልተወሰደው ገጠር ዘመድ ቤት ተሸሽጓል። እናቴ «ሴት ልጅ ተምራ ቤት ከምትቀመጥ» አለችና ከጎረቤታችን ጋር ቡና ለቀማ ላከችኝ።

ኅዳር ሲገባ ከየቡ እና ከሰቃ ከተሞች ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና የጫኑ መኪኖች ቀይ አቧራ ለብሰው ይመጣሉ። ቡናው ይፈለፈላል፣ ይበጠራል፣ ከዚያ ወደ እኛ ይደርሳል። ከተማው በሙሉ ጎምዘዝ ጣፈጥ ያለ የቅርፊት ሽታ ይይዛል። ስለ ጂማ ቡና ሲነሳ ሰው ሁሉ ጣዕሙን ያወራል፤ እኔ ግን ቡና ሲባል በመጀመሪያ ትዝ የሚለኝ አፍንጫ የሚደፍነው አቧራ ነው። መጋዘኑ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ረጅም ቤት ነበር። ሴቶቹ ሲሚንቶው ላይ ጆንያ አንጥፈው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ ፊት ለፊት በረድፍ ይቀመጣሉ። ከፊታቸው የፈሰሰውን ፍሬ እየበተኑ ጥቁሩን፣ ስባሪውን፣ ነቀዝ የበላውንና ጠጠሩን ይለቅማሉ፤ ለቅመውም አጠገባቸው ወዳለው ጣሳ ይወረውራሉ። ቀኑን ሙሉ የሚሰማው የጣሳ ድምፅ ነው። ተቆጣጣሪያችን ጋሽ ታምሩ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በመካከላችን ይመላለሳሉ። ወሬ አይወዱም።

ከእኔ ትይዩ የሚቀመጡት እትዬ በላይነሽ ነበሩ፤ ባላቸውን ተከትለው ከወሎ መጥተው ጂማ የቀሩ፣ ሳቃቸው ጣሪያውን የሚያነቃንቅ ወፍራም ሴት። ልጃቸው ደረጀ ሰሜን የጦር መኪና ሹፌር ነው፤ ስለ እሱ ሳያወሩ አይውሉም። አንድ ቀን ጣሳቸውን ወደ ጆንያ እየገለበጡ፣

«አንቺ አሥራ ሁለተኛ የጨረስሽው፣» አሉኝ፣ «ይሄ የምንጥለው ሁሉ የት ነው የሚሄደው?»

እውነቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጥሩው ፍሬ ውጭ አገር ይሄዳል፤ የተጣለው ጉሊት ወጥቶ ይሸጥና እኛው ገዝተን እንጠጣዋለን። እኔ ግን አሰልቺው ቀን እንዲያጥር ብዬ ቀለድኩ። ከከተማው ዳር፣ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ፣ ሣር የዋጣቸው አሮጌ የጣሊያን ካሚዮኖች የተከመሩበት ሜዳ ነበር። እሱ ነው በዓይነ ኅሊናዬ የመጣው።

«ፕላኔት አለች፤» አልኩ። «እንደኛ መሬት ያለች ሌላ ዓለም። ሰው የጣለው ነገር ሁሉ እሷ ላይ ይወድቃል። ዛፍ የላትም፤ ተራራዋ የዛገ መኪና ነው። ፀሐይ የምትወጣው ጥንድ ከሌለው የጫማ ክምር ጀርባ ነው። እዚያ የሚኖሩት ሰዎች እንደኛው ለቃሚዎች ናቸው።»

«ስሟ ማነው?» አለች አንዷ።

«ውዳቂት።»

«ምንድነው የሚበሉት?» አሉ እትዬ በላይነሽ።

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። በየጎማው ውስጥ ነፋስ ያመጣው አፈር ተጠራቅሞ ጎዳሬ ይበቅላል አልኩ። ሴቶቹ ተስማሙ። ጎዳሬ ካለ ሰው አይራብም።

በማግስቱ ገና ጆንያዬን ሳላነጥፍ «እሺ፣ ከዚያስ?» ተባልኩ። እንዲህ ነው የጀመረው። ቀስ በቀስ ውዳቂት ሕግ ኖራት፤ እዚያ ማንም ምንም አይጥልም፣ ምክንያቱም ከእሷ ወዲያ መጣያ የለም። የለቃሚዎቹ አለቃ አንዲት ሴት ናት። ቀጭን ነበረች፤ እትዬ በላይነሽ ግን «ምን በወጣት ነው የምትከሳው» ብለው አወፈሯት። አንዷ ሰርጓ ሰሞን የጠፋባትን የብር አምባር እዚያ እንዳገኝላት ለመነችኝ፤ አገኘሁላት። ጋሽ ታምሩ መጀመሪያ «ወሬ ይቁም» ይሉ ነበር። ኋላ ግን ተረቱ ባለበት ሰዓት ማንም እየተነሳ ወደ ውጭ እንደማይል፣ እጅም እንደሚፈጥን አዩ መሰለኝ፣ ወንበራቸውን ቀረብ አድርገው ዝም አሉ። እንደሚያዳምጡ ያወቅነው አንድ ጠዋት ጉሮሯቸውን ጠርገው «ትናንት ያ ለቃሚ መኪናዋን ያለ ባትሪ አስነሳት አልሽ፤ እንዴት ሆኖ?» ሲሉን ነው።

በሩ አጠገብ፣ ብርሃኑ የሚገባበት ቦታ፣ አደ ሸምሲያ ይቀመጡ ነበር። «አደ» በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው፤ የሰቃ ሰው ናቸው። ልጃቸው ኑረዲን የገበያ ቀን ጨው ሊገዛ ወጥቶ በአፈሳ ተወሰደ፤ እሳቸውም ብቻቸውን ቤት መዋል አቅቷቸው ጂማ እህታቸው ጋ መጡ። ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት ሲመጣ ስለ ልጁ የሰማ የለም። ከሰላምታ በቀር ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር። አንድ ቀን በመሃል፣ ከሥራቸው ቀና ሳይሉ፣

«ያ ኢንተላ ኮ፣» አሉኝ፤ ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው። «ሰውስ ይወድቃል እዚያ?»

የጣሳው ድምፅ ቀጥ አለ። ሁሉም ሴት እጇን እያየች ነው። ጋሽ ታምሩ ወደ ጣሪያው ያያሉ። እኔ ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ፤ ግን ይህ ጥያቄ ተረት እንዳልሆነ ለማወቅ የሚያንስ ልጅ አልነበርኩም።

«ይወድቃል፣ አደ፤» አልኳቸው። «ግን አይሰበርም።»

ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉና ወደ ለቀማቸው ተመለሱ። በማግስቱ ግን ጆንያቸውን ከበሩ አንስተው እኔ አጠገብ አነጠፉ። «ኑረዲን በርበሬ አይወድም፤» አሉኝ ቀስ ብለው፣ እንደ አደራ። «ሆዱን ያመዋል። እንድታውቂው ብዬ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ውዳቂት ላይ ልጆች መድረስ ጀመሩ። ኑረዲን አንድ እግሩ ባዶ፣ አንድ እግሩ ጫማ ለብሶ መጣ፤ አለቃዋ ከጫማው ክምር ጥንዱን ፈልጋ ሰጠችው። ቀጥሎ የሌላዋ ልጅ፣ ቀጥሎ የሌላዋ ወንድም። እያንዳንዷ አጠገቤ እየመጣች ምልክት ትነግረኛለች፤ ያንኮራፋል፣ ጨለማ ይፈራል፣ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። የእትዬ በላይነሽ ደረጀ የዛጉትን መኪኖች የሚጠግን ሆነ። እናቱ የት እንዳለ ያውቁ ነበር፤ ግን ልጃቸው ከሌሎቹ ተለይቶ እንዲቀር አልፈለጉም።

ወሬው ከመጋዘኑ ወጣ። በውሃ ቦንቧው፣ በየግቢው ሰው «ዛሬ ውዳቂት ምን ሆነ?» ማለት ጀመረ። አንድ ጠዋት ጓድ አስቴር የምትባል ካድሬ መጥታ ከጋሽ ታምሩ ጋር ፊቴ ቆመች። ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች፣ ካኪ የለበሰች፣ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ልጅ ነበረች።

«የእናት አገር ዘብ ውዳቂ ነው?» አለችኝ።

«አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ውዳቂ መሃል አስቀመጥሽው?»

አልጮኸችብኝም፤ ረጋ ባለ ድምፅ «ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። በሽተኛ አባት እንዳለሽ ሰምቻለሁ» ብላ ወጣች። ያን ቀን ቤት ስደርስ ነገርኳቸው። እናቴ አለቀሰች። አባቴ ወደ ስፌት መኪናው ዞረ። በማግስቱ ማንም «ከዚያስ?» ብሎ አልጠየቀኝም። ጣሳው ብቻ ነበር የሚሰማው።

ዓርብ ከሰዓት አደ ሸምሲያ በብርጭቆ ማር ይዘው ቤታችን መጡ። እናቴ ቂጣ አቀረበች፤ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ መዘግየት ተወራ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና፣

«ማሎ፣ እባክሽ ዘሃራ፣ ዛሬ ምን በላ?» አሉኝ።

እናቴን አየሁ፤ አባቴን አየሁ። አባቴ እየሰፋ ነበር። እግሩን ከመርገጫው አነሳና ወደ እሳቸው ሳይሆን ወደ እኔ ተመለከተ። «ንገሪያቸው እንጂ፤ ሴትዮዋ ጠየቁሽ እኮ» አለኝ። በርጩማውን ይዞ ወጣና በሩ ላይ ተቀመጠ፤ የሚመጣ ሰው ካለ እሱን ሳያልፍ እንዳይገባ።

«ጎዳሬ ቀቅለው ሰጡት፣» አልኳቸው። «ማርም ነበረው።»

«በርበሬ አላደረጉበትም?»

«አላደረጉበትም።»

«አልሐምዱሊላህ፤» አሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ከዚያ በኋላ በየዓርቡ ይመጡ ነበር። ልጁ ምን እንደሚሠራ፣ ከማን ጋር እንደሚጫወት አይጠይቁም። ምን በላ ብቻ። አንድ ዓርብ ልቤ አላስችለኝ አለና «በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ቤት ላምጣልዎት?» አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ።

«የለም፣ የለም። አንቺ አምጥተሽልኝ፣ እኔ ሰቃ ሄጄ በሩን ከፍቼ ካጣሁት ምን እሆናለሁ? እዚያው ይቆይ። ብቻ ይብላ።»

ሚያዝያ ላይ፣ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውን ባበረደ ሰሞን፣ የእትዬ በላይነሽ መርዶ መጣ። ደረጀ ሞቷል። የመጋዘኑ ሴቶች፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ድንኳናቸው ውስጥ ተቀመጥን። እሳቸው ደረታቸውን እየደቁ፣ ስሙን እየጠሩ፣ ወጉ እንደሚያዘው አለቀሱ። ሐዘኑ ሲያበቃ ጥቁር ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ተላጭተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ቦታቸው ላይ ተቀመጡና እስከ እኩለ ቀን ለቀሙ። ከዚያ፣

«ዘሃራ፣» አሉኝ፣ «ደረጀ አሁንም እዚያ ነው?»

ለቀማዬን ትቼ ቀና አልኩ።

«እዚያ ከተውሽው አውጪልኝ። ልጄ ሞቷል አሉኝ፣ እሺ፣ ሞቷል። የሞተ ሰው ግን ውዳቂ አይደለም። ሳይሸኝ እዚያ ብረት መሃል እንዲቀር አልፈልግም።»

ጋሽ ታምሩን አየኋቸው። ተረቱ መከልከሉን እሳቸው ፊት ነው የሰማሁት፤ እንጀራቸውም አለበት። ባርኔጣቸውን አወለቁና ከሴቶቹ ረድፍ ጫፍ ላይ፣ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። «ንገሪያት፤» አሉ።

ጀመርኩ። ደረጀ በማለዳ ተነስቶ ፊቱን ታጠበ አልኩ። ከጠገናቸው መኪኖች ሁሉ ጥሩውን መረጠ።

«ጫማውስ?» አሉ እትዬ በላይነሽ።

«አዲስ ነው። ጥንድ።»

«በእግሩ አይሂድ።»

«አይሄድም። መኪናው ተነስቷል፣ ድምፁ እስከ ተራራው ይሰማል።» ልጆቹ በሙሉ መጡ አልኩ፤ ያ የሚያንኮራፋው፣ ያ ጨለማ የሚፈራው፣ ያ አፉን ሸፍኖ የሚስቀው። አለቃዋ ጎዳሬ ጠቅልላ ስንቅ ሰጠችው። ሁሉም በየተራ አቀፉት። ከዚያ በፊት ማንም አይቶት በማያውቅ መንገድ መኪናውን አቀና፤ ኑረዲን ትንፋሹ እስኪቆረጥ ድረስ ከጎኑ እየሮጠ ሸኘው።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ወዲያ አላውቅም፣ እትዬ። መንገዱ ከውዳቂት ውጭ ነው።»

«እሺ፤» አሉ። «እሱን እግዜር ያውቃል።»

«ረቢ ያውቃል፤» አሉ አደ ሸምሲያ ከጎኔ።

እትዬ በላይነሽ ያን ጊዜ አለቀሱ። ድንኳን ውስጥ እንዳለቀሱት አልነበረም፤ ያለ ድምፅ፣ ትከሻቸው ብቻ እየተንቀጠቀጠ። እንባው ቡናው ላይ ይወርድ ነበር። ማንም አባብሎ አላቋረጣቸውም። ጋሽ ታምሩ ተነስተው ሱሪያቸውን አራገፉና ባርኔጣቸውን ደፉ። ጓድ አስቴር ትሰማ እንደሆነ ለብዙ ቀን ፈራሁ፤ ግን የነገራት የለም። እኔም ከዚያ በኋላ በመጋዘኑ ውስጥ ተርኬ አላውቅም። ደግሞም የጠየቀኝ አልነበረም።

በዓመቱ ለመምህርነት ሥልጠና ገባሁ። እዚያ እያለሁ ነው ኑረዲን የመጣው። ከጦር ሆስፒታል አሰናብተውት፣ አንድ ክንዱ አልታጠፍ ብሎ፣ በጭነት መኪና ሰቃ ድረስ ደረሰ። አደ ሸምሲያ ለኢድ አስጠሩኝ። ገብስ መርቃ፣ መሃሉ ላይ ቅቤ የሞላ ገንፎ ነው፣ ቀርቦ ነበር፤ ለእሱ ለብቻው፣ በርበሬ የሌለበት። ቀና ብዬ ላየው አፈርኩ። አንድም ቀን ሳላገኘው ስንት ዓርብ አብልቼዋለሁ።

ለበዓል የመጣው ጎረቤት ሁሉ ይጠይቀዋል። የት ነበርክ፣ ምን አየህ፣ ውጊያው እንዴት ነው። እሱ ገንፎውን እየበላ «ውዳቂት ነበርኩ» ይላል። ሰው ይስቃል፤ እናቱም ይስቃሉ፤ ጥያቄውም እዚያው ይቀራል። እያንዳንዱ ሳቅ ሲያልፍ ትከሻው ወረድ ሲል አየሁት። መናገር የማይፈልገውን ሁሉ የሚያስቀምጥበት ቦታ እናቱ አዘጋጅተው ጠብቀውታል።

መኪና ወደማገኝበት መንገድ ሲሸኘኝ፣ በቡናው ጥላ ሥር እየሄድን፣ አንድ ቅጠል በጠሰ። ከዚያ፣

«ያ ሹፌሩ ልጅ፣» አለኝ፣ «እናቴ ነግራኛለች። እውነት እየሮጥኩ ሸኘሁት?»

«እስከ መጨረሻው ሸኘኸው።»

«ጥሩ አደረግሁ፤» አለ። ጥቂት ከሄድን በኋላ «ያልሸኘኋቸው ብዙ ናቸው» ብሎ ጨመረ።

እትዬ በላይነሽና አደ ሸምሲያ አሁን የሉም። ኑረዲን ሽማግሌ ሆኖ ሰቃ ቡናውን ያለማል ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ሳስተምር ኖርኩ፤ ለተማሪዎቼ ብዙ ተረት ተርቻለሁ፣ ከዚያ መጋዘን ውስጥ ከተናገርኩት ጋር የሚስተካከል ግን አንድም የለም። ምክንያቱ ገብቶኛል። ያኛውን የፈጠርኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም። እኔ ብረቱንና ጎማውን አመጣሁ እንጂ ሰዎቹን ያመጧቸው እናቶቹ ናቸው።

ወጣት ሳለሁ፣ ልጇ የጠፋባት እናት አስቀድማ የምትጠይቀው በሕይወት መኖሩን ይመስለኝ ነበር። ያን ጥያቄ ግን ማንም ደፍሮ አልጠየቀኝም። አሁን የአሚር እናት፣ ልጄ፣ ለሥራ ሩቅ አገር ናት። ማታ ማታ ትደውላለች። ስለ ሥራዋ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ልጇ ልታወራኝ ስትጀምር አቋርጬ «ምን በላሽ?» እላታለሁ። «እማ ደግሞ፣ ሌላ ወሬ የለሽም?» ብላ ትስቅብኛለች። እሷ ትሳቅ። እኔ የበላችውን አንድ በአንድ ነግራኝ እስክትጨርስ ድረስ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጠበቅ አድርጌ እሰማታለሁ።